ሄርቢ ሃንኮክ እንዴት ሁሉም ዛፍ ላይ ወጣ?

ጥቁርና ነጭ (ጠያቂ)፦

ሰላም ቤተሰብ። ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ሐሙስና አርብ ማታ አንድ ሆቴል ላውንጅ ውስጥ ከድምፃዊት ጋር እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ነው፤ ያው ቢቱን ከፍቶ ዋን ማን ባንድ። በአዘቦት ቀን ሦስት ልጆችን ቤታቸው እየሄድኩ አስተምራለሁ። በምትተርፈኝ ሰዓት ደግሞ የራሴን ዜማ እሞክራለሁ። ስምንቱ ስልኬ ውስጥ ተቀርጸው ተኝተዋል።

ባለፈው አንድ የማከብራቸው ሙዚቀኛ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዱን ምረጥ» አሉኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም የኔ ሰው አሜሪካዊው ፒያኒስት ሄርቢ ሃንኮክ ነው። ጃዝ፣ ፈንክ፣ የፊልም ሙዚቃ፣ ሂፕሆፕ፣ ማስተማር፤ ሰውዬው ያልወጣበት ዛፍ የለም። እንዴት ነው ሳይወድቅ የቀረው? «ተሰጥኦ ነው» ብላችሁ እንዳትገላገሉኝ።

አሮጌ ኦርጋን፦

ልጄ፣ እኔ ኪቦርድ ሁሉ «ኦርጋን» በሚባልበት ዘመን የጀመርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ማስረዘሜ አይቀርም፤ ታገሠኝ። ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሄርቢ ከዛፍ ዛፍ የዘለለ አይመስለኝም። ጆሮው አንድ ነው። ያንኑ ጆሮ ይዞ አዲስ ዕቃ ፊት ይቀመጣል። በ1940 ቺካጎ ተወለደ፣ በ7 ዓመቱ ፒያኖ ጀመረ፣ በ11 ዓመቱ ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር ሞዛርትን ተጫወተ። ይኼን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ እኩያው ከራሱ እያፈለቀ ጃዝ ሲጫወት አየ። ሞዛርትን ያንበለበለው ልጅ ያንን አይችልም! ቤቱ ገብቶ የጃዝ ፒያኒስቱን የጆርጅ ሺሪንግን ሸክላ ከፈተና ኖታዎቹን በጆሮው ይለቅም ጀመር። ኮሌጅ ሲገባ ደግሞ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነበር የጀመረው። ይቺን ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ1963 ታላቁ የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ገባ። አንድ ሰሞን የሚጫወተው ሁሉ ያው በያው ሆነበት። ማይልስ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ጣል አደረገለት። ሄርቢ የሰማው «የቅቤ ኖታዎቹን ተው» የሚል ነው። ቅቤ ምንድን ነው? ስብ። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ውስጥ ስቡ የቱ ነው? ሦስተኛዋና ሰባተኛዋ ኖታ። ኮርዱ ሜጀር ነው ማይነር ብለው የሚያሳብቁት እነሱ ናቸው። አወጣቸው። ኮርዱ በር እንደተከፈተለት ቤት ሆነ፤ ወደፈለገበት መሄድ ቻለ። እኔ ተማሪዎቼን ይኼን ለማስተው ዓመት ይፈጅብኛል። ቅቤ የለመደ እጅ ክፉ ነው።

በ1968 ደግሞ ስቱዲዮ ሲገባ ፒያኖ የለም። «ምን ልጫወት?» ሲል ማይልስ ጥግ ላይ ያለውን ፌንደር ሮድስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ጠቆመው። ሄርቢ የልጆች መጫወቻ አድርጎ ነበር የሚያየው። አንድ ኮርድ ነካ፣ ወደደው። ኢንጂነሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ፒያኒስት ሽቦ ሲያይ ይሸሻል፤ እሱ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ይጓጓል። በ1973 «ሄድ ሃንተርስ» የሚባለው አልበሙ ወጣ። እዚያ ውስጥ «ካሚሊየን» የሚለው ዜማ ላይ ያለችው ያቺ ወፍራም የቤዝ መስመር ቤዝ ጊታር ትመስልሃለች አይደል? የራሱ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ናት። በ1983 «ሮክኢት» በሚለው ዜማ ላይ ሸክላ የሚፍቅ ዲጄ ጨመረ። ያኔ የተቆጡ ጃዝ ወዳዶች ብዙ ነበሩ። በ2008 ደግሞ የድምፃዊቷን የጆኒ ሚቸልን ዘፈኖች የተጫወተበት አልበም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ።

ሒሳብ ሹም፦

ጋሼ ኦርጋን ጥሩ ብለዋል፤ ግን ሆዱን ማን ሞላው? ዛፍ ለዛፍ ለመሄድ ስንቅ ያስፈልጋል።

በ1962፣ በ22 ዓመቱ፣ ብሉ ኖት ለሚባለው የሸክላ ኩባንያ የመጀመሪያ አልበሙን ሊሠራ ሲል ጥሩምባ ነፊው ዶናልድ በርድ የዜማህን የኅትመት መብት እንዳትሰጣቸው ብሎ መከረው። ኩባንያው መብቱን ጠየቀ። ሄርቢ እምቢ ብሎ ሊወጣ ተነሳ። ወደ በሩ ሲሄድ ጠርተው ተስማሙለት። አልበሙ ላይ «ዋተርሜሎን ማን» («ሐብሐብ ሻጩ») የምትባል ዜማ ነበረች። በዓመቱ ኩባዊው ከበሮ መቺ ሞንጎ ሳንታማሪያ በላቲን ምት ሲጫወታት አገር አወቃት፣ ብሩም ለባለ ዜማው ገባ። ኮብራ የምትባል የውድድር መኪና ገዛበት። (እኔ ብሆን ቤት ነበር የምገዛው፣ ግን እሺ።)

ዜማዋ ደግሞ ከየት መጣች? ልጅ ሆኖ ሠፈሩ የሚመጣ ሐብሐብ ሻጭ ነበር። የጋሪው ጎማ ኮብልስቶን ላይ ሲንኳኳ ምቱ ሆነ፤ ሴቶቹ ሻጩን ሲጠሩት ዜማው ሆነ። የኛን «ቆራሌው!» አስበው። ጠዋት ጠዋት በነፃ ነው የሚያዜምልህ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስምንቱን ዜማ ከስልክህ አውጣ። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 (ይኼ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነና ከተቀረጸ መብቱ ያንተ ነው። ሳያነቡ መፈረም ነው ጉዱ። እኔ አንዴ ሰባት ዜማ በአንድ እራት ሸጫለሁ። ክትፎው ግን ጥሩ ነበር።

ከደለስ ወዲያ፦

ቨርጂኒያ ነኝ፣ ታክሲ እነዳ ነበር። ሁሉም ሰው ማይልስ አይደርሰውም እኮ። ኪቦርድ ተጫዋቹን ጋሽ ኃይሉ መርጊያን አስቡ። ሂልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ሲጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት መጣ፣ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግና ያማሃ ሲንተሳይዘሮችን ደርበው ብቻቸውን አልበም ሠሩ። ከዚያ ታክሲ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዱን ከኋላ ኮፈን አውጥተው ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። ያ አልበም በ2013 እንደገና ታተመና ዓለም ፈለጋቸው። በ2018 «ላላ በሉ» የሚለውን አዲስ አልበም አወጡ።

ተራ ጥበቃው ረጅም ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ካርታ ነበር የምጫወተው፤ ልዩነታችንን ተረዱት።

አሮጌ ኦርጋን፦

ሒሳብ ሹም አሳቀኝ፣ ልክ ነው። ማስተማሩን ግን ዘለላችሁት። በስሙ የሚጠራው የጃዝ ተቋም እስከ 2019 ድረስ የሌላው የጃዝ ፒያኒስት የቴሎኒየስ መንክ ስም ነበረው። ጥቂት ወጣቶችን መርጦ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ያስተምራል። በ2014 ሃርቫርድ ጠርቶት ንግግር ሰጠ። ከሚተርካቸው አንዱ የጀርመኑ ሽቱትጋርት መድረክ ነው። ማይልስ ሶሎው መሀል ላይ ሆኖ ሄርቢ ፍጹም የተሳሳተ ኮርድ መታ። በእጁ ጆሮውን ሊይዝ ምንም አልቀረው። ማይልስ ትንሽ ዝም አለና ያንን ኮርድ ልክ የሚያደርጉ ኖታዎች ነፋ። እንደ ስህተት አልሰማውም፤ የሆነ ነገር ሆነ፣ በቃ።

እነዚያ ሦስት ልጆች ሲሳሳቱ ወዲያው አታስቁማቸው። ግራ እጅህን ይዘህ ተከተላቸው። አንተም ትማርበታለህ።

ጥቁርና ነጭ፦

ይቅርታ ዘገየሁ፣ የሰርግ ወቅት ነው። ጋሼ ኦርጋን፣ ሐሙስ ላውንጅ ውስጥ ሞከርኩት። ሜጀር ትዝታ ነበር የያዝነው። ግራ እጄ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሶል ብቻ አስቀመጥኩ። ሚን ተውኳት። ለካ ሚ ከሌለች ግራ እጄ ለሜጀሩም ለማይነሩም ትዝታ ይሆናል! ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳትነግረኝ ወደ ማይነሩ ይዛው ገባች፤ እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። ሁለት ጠረጴዛ ሰው ወሬውን አቆመ። ሌላው ጥብሱን በላ።

ስንጨርስ «ዛሬ ምን ነካህ?» አለችኝ።

«ቅቤ ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።