የአገር ጭነት በአገር መርከብ ብቻ ይጫን? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። መንግሥት ከውጭ የሚገባ ጭነት በራሱ ባንዲራ ወይም በአንድ ብሔራዊ የመርከብ ድርጅት ብቻ እንዲጓጓዝ ቢያስገድድ ኢኮኖሚው ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ካቦታዥም፣ ማለትም በአንድ አገር ሁለት ወደቦች መካከል የሚደረግ ጉዞ ለአገር መርከብ ብቻ መከለሉም፣ ይካተታል። የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይሆን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ። ቁጥር ያለው ከነስሌቱ ይምጣ።

መልህቅ፦ ይገደድ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን የባንዲራ ፍቅር አይደለም። በ2021 እና በ2022 የሆነውን አስታውሱ። የሻንጋይ የኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋ መለኪያ በ2022 መጀመሪያ ከ5,000 ነጥብ በላይ ወጣ፤ በ2019 1,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ነገሩ ዋጋው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ወደ መሀል አገር ገብቶ፣ የወጪ ንግድ ዕቃ ጭኖ ወደብ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል። ባዶውን ወዲያው ወደ እስያ ቢመልሱት ግን የሚቀጥለው ጉዞ የሚያስገባው ገንዘብ የወጪ ዕቃውን የማጓጓዣ ኪራይ በብዙ ያስንቃል። መርከብ ድርጅቶቹ ይህን አስልተው ባዶ ሣጥን ጭነው ሄዱ፤ ላኪው ኮንቴይነር እየለመነ ቀረ። ጭነታቸው ትንሽ የሆነ ወደቦችም ከመርሐ ግብር ተዘለሉ። የራሱ መርከብ ያለው አገር ቢያንስ «ይህን ወደብ አትዝለል» ብሎ የሚያዘው አለው።

ሚዛን፦ የሚያዘው ስንት መርከብ ነው? መጀመሪያ እሱን እንይ። መርከቡ ሙሉ ዙር የሚፈጅበትን ቀን ለ7 አካፍል፤ በየሳምንቱ አንድ መነሻ እንዲኖር የሚያስፈልገው የመርከብ ብዛት እሱ ነው። ዙሩ 42 ቀን ከሆነ 6 መርከብ ይፈልጋል። ከሩቅ ምሥራቅ ሰሜን አውሮፓ ያለው ዙር 84 ቀን ገደማ ስለነበር 12 ይፈልግ ነበር። በ2023 መጨረሻ የቀይ ባሕር ጥቃት መርከቦቹን በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ሲያዞራቸው፣ ያው ሳምንታዊ መነሻ እንዳይቋረጥ በየመስመሩ ተጨማሪ መርከብ ማስገባት ግድ ሆነ። አሁን በ42 ቀኑ ዙር ላይ 2 መርከብ ብቻ ያሰለፈ ብሔራዊ ድርጅት አስቡ። መነሻው በየ21 ቀኑ አንድ ጊዜ ነው፤ ዕቃ በአማካይ 10 ቀን ተኩል ወደብ ላይ ይጠብቃል። በሳምንታዊ መስመር ቢሆን 3 ቀን ተኩል ነበር። ልዩነቱ 7 ቀን ነው።

ይህን 7 ቀን ወደ ገንዘብ ስንለውጠው አላጋንንም። 60,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፣ የካፒታል ወለድ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን፣ በቀን 25 ዶላር ገደማ ይበላል። 7 ቀን ወደ 173 ዶላር ነው፤ ማንንም አይገድልም። የሚገድለው አማካዩ ሳይሆን ያመለጠው መነሻ ነው። የመጫኛ መዝጊያ ሰዓት በአንድ ቀን ያለፈው ዕቃ 21 ቀን ያድራል። ስለዚህ ፋብሪካው የአንድ ሳምንት የመጠባበቂያ ጥሬ ዕቃ መያዝ ሲበቃው የሦስት ሳምንት መያዝ አለበት፤ መጋዘኑም ብድሩም በዚያው ልክ ያድጋል። ይህ ወጪ በማንም የማጓጓዣ ደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ፣ ፖሊሲ አውጪው «የኛ ዋጋ ርካሽ ነው» ሲል ዓይኑ አያየውም።

ሰነድ አጣሪ፦ ሚዛን በቀን የቆጠረውን እኔ በወረቀት ላሳያችሁ። ግዴታው ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በባንክ በኩል ነው። አስመጪው ግዢውን በኤፍኦቢ እንዲያደርግ ይታዘዛል፤ ማለትም ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ኃላፊ ይሆናል፣ መርከቡን ግን ገዢው ይመርጣል። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ፣ ሲከፈትም የአጓጓዡ ስም እዚያው ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ቦታ ሲጠፋ ነው። ሻጩ ቦታ ይጠይቃል፤ ድርጅቱ «በዚህ መርከብ ሞልቷል፣ በሚቀጥለው» ይላል። አስመጪው በሌላ መርከብ ለመጫን ዌይቨር፣ ማለትም ከግዴታው ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ፣ ይጠይቃል። ደብዳቤው እስኪፈረም ድረስ ግን በኤልሲው የተጻፈው የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ያልፋል።

ከዚያ ኤልሲው ይሻሻል ይባላል። ማሻሻያው ባንኩንም ሻጩንም ያስማማ ዘንድ ግድ ነው፤ ሻጩ ዋጋ ጨምሮበት ከሆነ ዕድሉ ተገኘለት ማለት ነው። ሻጩ በአሮጌው ኤልሲ ቀኑ ካለፈ በኋላ ጭኖ ሰነድ ቢልክ ደግሞ ባንኩ ዲስክሬፓንሲ (ሰነዱ ከኤልሲው ጋር አይጣጣምም) ብሎ ይመልስበታል። ኤልሲው ራሱ ሌላ ካላለ ሰነዱ ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ባንኩ የሚያጣራበት ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ ሥራ ቀን ነው። ዕቃው ወደብ ደርሶ ዕቃውን ለመረከብ የሚያስፈልገው የጭነት ሰነድ፣ ኦሪጅናል ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ በባንኮች መካከል ሲንከራተት የሚቆጥረው ሰዓት የማንም ፖሊሲ አያቆመውም።

ባዶ ሣጥን፦ እሱን ሰዓት እኔ ላንሳው፤ ሰዎች ሁለቱን ሁሌ ያደባልቋቸዋል። ሙሉው ኮንቴይነር ከነፃ ቀኑ (ያለ ክፍያ ከሚፈቀደው ጊዜ) በላይ ተርሚናል ውስጥ ሲቆይ የሚከፈለው ዲመሬጅ ነው። ከበር ከወጣ በኋላ ባዶው እስኪመለስ የሚቆጠረው ዲቴንሽን ነው። የወደቡ የማከማቻ ኪራይ ከሁለቱም ሌላ ነው። በጅምላ ጭነት (በሣጥን ሳይሆን በመርከቡ ጓዳ ልቅ በሚጫን) ደግሞ «ዲመሬጅ» ሲባል መርከቡ ራሱ ከተስማማው የማራገፊያ ጊዜ በላይ ሲቆም ለባለቤቱ የሚከፈለው ነው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሒሳቡ አይገናኝም።

አንድ ባለ 20 ጫማ ሣጥን እንከተል። ነፃ ቀኑ በድምሩ 14 ነው እንበል። ማራገፍ 2 ቀን፣ ሰነድና ጉምሩክ 6፣ የጭነት መኪና ጥበቃ 5፣ መንገድ 3፣ ዕቃ ማውረድ 2፣ ባዶውን መመለስ 4፤ ድምሩ 22። 8 ቀን አልፏል። ታሪፉ ለመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት በቀን 20 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 40 ቢሆን 220 ዶላር ይመጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ታሪፍ በየመስመሩ ይለያያል። እዩት እንግዲህ፦ ከ22ቱ ቀን ውስጥ የመርከቡ ባንዲራ የሚነካው አንድም የለም።

ታዲያ ግዴታው ምን ይለውጣል? ያው ብሔራዊ ድርጅት የመርከቡም፣ የመኪናውም፣ የደረቅ ወደቡም ባለቤት ከሆነ፣ መኪና ሲያዘገይ ዲቴንሽኑ የሚገባው ለራሱ ነው። ያዘገየውም የሚያስከፍለውም አንድ እጅ ሲሆን ማን ይቸኩላል? ሌባ ሌላ ቦታ አትፈልጉ አልልም፤ ግን ሒሳቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋል።

መልህቅ፦ ወንድሜ፣ የነገርከው የአስተዳደር ችግር ነው እንጂ የግዴታው አይደለም። የግል መስመሮቹም ቢሆኑ ያንኑ ነው ያደረጉት፤ ለዚህ ነው አሜሪካ በ2022 የውቅያኖስ መርከብ ማሻሻያ ሕግ ያወጣችው። በ2024 የወጣው ዝርዝር ደንብ የዲመሬጅና የዲቴንሽን ሒሳብ በ30 ቀን ውስጥ ካልተላከ ከፋዩ የመክፈል ግዴታ የለበትም ይላል። ከፋዩም ለመቃወም ቢያንስ 30 ቀን አለው። መስመሩ የውጭ ሆነ የአገር፣ ልጓሙ ያስፈልጋል።

ሌላው የተረሳው ሰው ነው። የዴክ መኮንን (መርከቡን የሚመራ መኮንን) ለመሆን ትምህርት ብቻ አይበቃም፤ በተፈቀደ ሥልጠና ሥር ቢያንስ 12 ወር ባሕር ላይ መቆየት ያስፈልጋል። የራሱ መርከብ የሌለው አገር ተማሪ አስመርቆ ልምምድ የሚያደርግበት መርከብ ያጣለታል። ጭነት እንደሚያገኝ እርግጠኛ የሆነ ድርጅት ግን ለካዴት፣ ለተለማማጁ መኮንን፣ አልጋ ይይዛል።

ሚዛን፦ የካዴቱ ነጥብ ልክ ነው፣ እቀበለዋለሁ። ግን ለእሱ ሲባል አስመጪውን ሁሉ ማሰር አያስፈልግም። ግሪክ በ1957፣ ኔዘርላንድስ በ1996 የቶኔጅ ታክስ አስገቡ፤ መርከቡ በትርፉ ሳይሆን በመጠኑ ተሰልቶ ቁርጥ ያለ ግብር ይከፍላል። ካዴት መቀበልን የዚያ ጥቅም ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ይቻላል፤ ብሪታንያ በ2000 ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጭነቱ ግን ነፃ ነው።

የውጭ ምንዛሪውን ነገርም ቀድሜ ልመልስ፣ መምጣቱ አይቀርምና። «ማጓጓዣው በአገር ገንዘብ ስለሚከፈል ዶላር ይቀራል» ይባላል። ድርጅቱ የራሱ መርከብ ሳይኖረው ከሌላ መስመር ላይ ስሎት (የኮንቴይነር ቦታ) ተከራይቶ የሚጭን ከሆነ ኪራዩን በዶላር ይከፍላል፤ የቀረው የኮሚሽኑ ያህል ነው። የራሱ መርከብ ቢኖረውም ነዳጁ፣ የፒ ኤንድ አይ (የመርከብ ባለቤት ኃላፊነት) መድኑ፣ የውጭ ወደብ ክፍያው፣ መርከቡን የገዛበት ብድር ሁሉ ዶላር ነው። መርከቡም በየ5 ዓመቱ ሁለት ጊዜ የታች አካሉ መፈተሽ አለበት፤ በአብዛኛው ድራይ ዶክ (መርከብ ከውኃ ወጥቶ የሚጠገንበት ቦታ) መግባት ማለት ነው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ነው። አገር ውስጥ የሚቀረው የባሕረኛው ደመወዝ፣ የቢሮው ወጪና ትርፍ ካለ ትርፉ ነው።

ሰነድ አጣሪ፦ ስለ ካቦታዥ ማንም አላነሳም። የአሜሪካው የጆንስ ሕግ ከ1920 ጀምሮ አለ፦ በሁለት የአሜሪካ ወደቦች መካከል የሚጭን መርከብ አሜሪካ የተሠራ፣ አሜሪካዊ የያዘው፣ አሜሪካዊ ባሕረኛ ያለው መሆን አለበት። ከሦስቱ ዋጋውን የሚሰቅለው «አሜሪካ የተሠራ» የሚለው ነው፤ እዚያ የሚሠራ የኮንቴይነር መርከብ እስያ ከሚሠራው ብዙ እጥፍ ያወጣል። መርከቡ ስለተወደደ አሮጌው ይቆያል፤ ትእዛዝ ስለሌለ የመርከብ ግንባታውም አይሰፋም። በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታት ሕጉ ለ10 ቀን ታገደ። እስከ ዛሬ ሁለቱም ወገን ያቺኑ 10 ቀን ለየራሱ ይጠቅሳታል።

ኒውዚላንድ በተቃራኒው በ1994 ሕጓ ለውጭ መርከቦች በሩን ከፈተች። ሕንድ በ2018 ከመሀል ወጣች፦ ትራንሺፕመንት ኮንቴይነርን (መንገድ ላይ ወደብ ገብቶ መርከብ የሚቀይረውን) በወደቦቿ መካከል የውጭ መርከብም እንዲጭነው ፈቀደች፤ ያ ጭነት ወደ ኮሎምቦ ይሄድባት ነበርና። የሕንዱ የሚያስተምረው «ይከፈት ወይስ ይዘጋ» ከማለት በፊት «የትኛው ሣጥን» ብሎ መጠየቅን ነው።

መልህቅ፦ የተባበሩት መንግሥታትም ሞክሮት ነበር እኮ። በ1974 የጸደቀው፣ በ1983 የጸናው የመደበኛ መስመሮች ሥነ ምግባር ስምምነት ጭነቱን 40 ለ40 ለ20 ከፈለው፦ 40 ለአንዱ አገር፣ 40 ለሌላው፣ 20 ለሦስተኛ ወገን።

ባዶ ሣጥን፦ ሞተ እንጂ። ሣጥኑ ከአንዱ አገር ተነሥቶ በሁለት ትራንሺፕመንት ወደብ አልፎ ሲደርስ 40ው የማን ነው? ቆጣሪም አልተገኘለትም።

ግን አንድ ነገር ለመልህቅ ልስጥ፤ የጅምላ ጭነት ሌላ ነው። 50,000 ቶን ማዳበሪያ መርሐ ግብር የለውም፤ አንድ መርከብ፣ አንድ ውል ነው። የሳምንታዊ መነሻ ክርክሩ እዚህ አይሠራም። ቢሆንም ማነቆው አሁንም ከባሕር አይደለም። በቀን 5,000 ቶን ለማራገፍ ተስማምተህ ከሆነ ማራገፉ 10 ቀን ነው። መኪና 40 ቶን ይጭናል እንበል፤ በቀን 125 መኪና ይፈልጋል። የአንድ መኪና ደርሶ መልስ 6 ቀን ከፈጀ 750 መኪና መሰለፍ አለበት። 500 ብቻ ከተገኘ መውጣት የሚችለው በቀን 83 መኪና፣ ማለትም 3,300 ቶን ገደማ ነው። መጋዘን ከሌለ 10 ቀኑ 15 ይሆናል፤ 5ቱን ቀን የመርከብ ዲመሬጅ ትከፍላለህ። ዝናብ ከጣለማ ክፍቱ የመርከቡ የጭነት ጓዳ ይዘጋል፤ የዝናቡ ሰዓት ይቆጠር አይቆጠር የሚወስነው ውሉ ላይ ያለች አንዲት ሐረግ ናት።

አወያይ፦ ከአነጋገር ይፈረዳል። መልህቅ፣ ግዴታው ይኑር ካልክ እንዴት ይጻፍ?

መልህቅ፦ በጅምላ ጭነት ላይ ብቻ ይሁን፤ ያውም መንግሥት ራሱ የሚገዛውን። በኮንቴይነር ላይ ቅድሚያ የመጠየቅ መብት እንጂ ግዴታ አይሁን። ድርጅቱ ቦታ ከተጠየቀ በ48 ሰዓት ውስጥ የመርከቡን ስምና የመነሻውን ቀን ካላረጋገጠ ዌይቨሩ ያለ ፊርማ እንደተሰጠ ይቆጠር። የሰጠው መነሻ ከ10 ቀን በላይ ከራቀም እንዲሁ።

ሰነድ አጣሪ፦ ይህን እኔም እፈርማለሁ፤ አንድ ነገር ከተጨመረበት፦ ባንኩ ዌይቨሩን ከድርጅቱ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ከማረጋገጫ ቁጥሩ አይቶ እንዲቀበል። አለዚያ 48ቱ ሰዓት በሕጉ ላይ ያልቃል፣ በመስኮቱ ላይ አያልቅም።

ባዶ ሣጥን፦ ሰዓቱ የሚጀምረው ከመቼ ነው? ኢሜይሉ ከተላከበት ነው ወይስ «ደርሶኛል» ከተባለበት?

ሰነድ አጣሪ፦ ጥያቄው በሲስተም ከገባበት ደቂቃ።

ባዶ ሣጥን፦ ሲስተሙስ ማን ጋ ይቀመጣል? ድርጅቱ ጋ ከሆነ በየሐሙሱ ከሰዓት «ኔትወርክ የለም» ይባላል።

ሚዛን፦ ጉምሩክ ጋ ይሁን። በመርከቡ መዘግየት የሚያገኘው ነገር የለም።

ባዶ ሣጥን፦ የመጋዘን ኪራይ የማያስከፍል ጉምሩክ ከሆነ፣ አዎ።