የእማዬ ሰፈር «ቅይጥ» ሊባል ነው፣ ቤቱ ይፈርሳል?

የመንደራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መንደራ የእናቴ ቤት አለ። ነባር ይዞታ፣ 210 ካሬ፣ ካርታ ያለው። ከፊት የጭቃ ቤት ነው፣ ጓሮ ሦስት ሰርቪስ አለ፣ የምትኖረው በእነሱ ኪራይ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ስብሰባ ጠርቶ የሰፈሩ ፕላን ሊከለስ ነው፣ የእናንተ መስመር ከመኖሪያ ወደ ቅይጥ ይቀየራል፣ ከጂ ፕላስ ቱ፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ ሁለት ፎቅ ካለው በታች አይፈቀድም ተባለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ አለ። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ ሁሉንም በስልክ ነው የሰማሁት። ክረምት ሳይገባ ቤቱን ልናስመርግ ጭድና አፈር አስመጥተን ነበር፣ «ለሚፈርስ ቤት ምን አለፋኝ» ብላ አስቆመችው። አንድ ደላላ ደግሞ በቀን ሁለቴ እየመጣ «ሳይወስዱት ሽጪው» ይላታል። ቅይጥ ማለት ይፈርሳል ማለት ነው? ጂ ፕላስ ቱ መሥራት ካልቻልን ያስነሱናል? ስብሰባው ላይስ ምን ትበል?

ነባር ይዞታ፦
መጀመሪያ ደላላውን ከበር መልሱልኝ። ሰው ሲደነግጥ ነው እነሱ የሚበሉት።
ሁለት ነገር ተደባልቆባችኋል። አንዱ የመሬት አጠቃቀም ነው፣ ቅይጥ የሚሉት እሱን ነው። ቦታው ላይ መኖሪያም ንግድም አብሮ ይፈቀዳል ማለት ነው። የሚነካው በዋናነት አዲስ ግንባታ ፈቃድ የሚጠይቀውን ሰው ነው፣ የቆመ ቤት ፕላን ላይ ቀለሙ ስለተቀየረ ብቻ አይፈርስም። ካርታችሁም በራሱ ንግድ አይሆንም፣ ሱቅ ልክፈት ካላችሁ የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ አለባችሁ። ሁለተኛው መንገድ ነው። ቦታ የሚበላው እሱ ነው። ስለዚህ ስብሰባው ላይ እማማ ስለ ቅይጥ ብዙ አይድከሙ፣ እጃቸውን አውጥተው «ይሄ መንገድ ስፋቱ ስንት ሜትር ይሆናል? ከመሃል መንገድ ወደ እኔ አጥር ስንት ይገባል?» ይበሉ። መልሱ በሜትር እንጂ «ብዙም አይነካም» እንዳይሆን። መንገዱ የሚወስደው ካለ በማስለቀቅ ሕጉ፣ በአዋጅ 1161/2011 ነው የሚታየው፣ ካሳ አለው፣ ቅሬታ የሚሰማ አካልም አለው።

ቶታል ስቴሽን፦
ሰርቬየር ነኝ፣ መሬት ለኪ። ካርታው ላይ የየማዕዘኑ ኤክስና ዋይ፣ ቦታው የት እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር ተጽፏል፣ እሱን ይዛችሁ ረቂቅ ፕላኑ ላይ አሳዩን በሉ። በስልክ ግን እንዳትሞክሩት! አንድ ወዳጄ ቁጥሩን ስልኩ ላይ አስገብቶ ቤቱን አወይቱ ወንዝ ውስጥ አገኘው። ሌሊቱን ሙሉ ደወለልኝ። የድሮ ካርታዎች ብዙዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፣ ስልኩ የሚጠቀመው ሌላ ነው፣ በሁለቱ መካከል 200 ሜትር አካባቢ ልዩነት አለ። ቤቱ የትም አልሄደም ነበር።

አጂፕ ማዶ፦
እህቴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ፣ ከተማውን አልጠራም። ስብሰባ ገባች፣ የመጣ ሰው መመዝገቢያ ነው ብለው ወረቀት አዞሩ፣ ፈረመች። በኋላ ያ ወረቀት «ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ አየችው። እናትህ ከላይ ምን እንደተጻፈ ሳታነብ አትፈርም። አስተያየቷን በጽሑፍ ታስገባ። የጅማ ቢሮዎች በኦሮምኛ ነው የሚሠሩት፣ በኦሮምኛ ጽፋችሁ በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት ስጡ፣ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማህተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። በቃል የተነገረ ነገር ሻይ እስኪጠጣ ነው የሚቆየው።

ጋሼ ጅሬን፦
ልጄ፣ ሁሉን ለውጥ እንደ መዓት አትየው። የጅማውን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጣሊያን ሲሠራው ሰዉ ጉድ ብሎ ነበር ይሉናል፣ ዛሬ የከተማው ፊት ነው። ቅይጥ መሆኑ የእናትህን ቦታ ዋጋ ሊያወጣው ይችላል።

አጂፕ ማዶ፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ፣ ግን ዋጋው ቢወጣ ለገዢው ነው። ሦስት ሰርቪስ አከራይታ የምትኖር ሴት ጂ ፕላስ ቱ በምን ትሠራለች?

ነባር ይዞታ፦
ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ቅይጡን መቃወም ላያዋጣ ይችላል፣ ዝቅተኛውን ፎቅ ግን መከራከር ይቻላል። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲሳተፍ ይላል፣ ስብሰባው የውለታ አይደለም። መዋቅራዊ ፕላን፣ የከተማው ዋና ፕላን ማለት ነው፣ የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው፣ ዛሬ ዝም ያሉት ነገር ቶሎ አይነሳም። ጻፉ፦ የቆመ ቤት ማደስ እንዳይከለከል፣ ለነባር ባለይዞታ የፎቁ ልክ ዝቅ እንዲል ወይ ጊዜ እንዲሰጠው። ብቻዋን አትግባ፣ በመስመሩ ያሉ ጎረቤቶች አንድ ማመልከቻ ላይ ይፈርሙ። የእድራችሁ ጸሐፊ ይጽፈዋል።

የመንደራ ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ለሁላችሁም። ደወልኩላት። ካርታው የሲንጀር ልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከአባዬ መታወቂያ ጋር። ጎረቤታችን አባ መጫ ማመልከቻውን እኔ እጽፈዋለሁ ብለዋል፣ አምስት ቤት ይፈርማል። አንድ ነገር ቀረኝ፣ ምርጊቱን ታስቀጥል?

ነባር ይዞታ፦
መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ። ፕላን በሚዘጋጅበት ሰፈር ግንባታን ለጊዜው የማገድ ሥልጣን አላቸው፣ ሰፈራችሁ ታግዶ ከሆነ በጽሑፍ ያሳዩአችሁ። እገዳ ከሌለ ወይም ምርጊትን የማይነካ ከሆነ ጭዱ ዝናብ ሳይበላው አስመርጉ። ግን ግድግዳ አታፍርሱ፣ ወደ መንገድ አንድ ስንዝር አትውጡ፣ ሠራተኛ ከማስገባታችሁ በፊት አራቱንም ጎን ፎቶ አንሱ።