ያልተነኩት ሴሎች ለምን ምልክት ያሳያሉ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ። ለሂላ ሴሎች (በላብራቶሪ የሚያድጉ የሰው ካንሰር ሴሎች) ለ5 ደቂቃ ኢጂኤፍ (ሴሎችን ለእድገት የሚቀሰቅስ ፕሮቲን) እሰጥና ፎስፎ-ኢአርኬን፣ ማለትም ፎስፌት ተጨምሮበት የነቃውን ኢአርኬ የተባለ ፕሮቲን፣ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በፀረ እንግዳ አካል በሚያሳይ ዘዴ) አያለሁ። 42 እና 44 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ላይ ሁለቱ የኢአርኬ መስመሮች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ችግሩ፣ ኢጂኤፍ ያልነካቸው ሴሎችም ያው ናቸው! ሌሊቱን ያለ ሴረም (የእድገት ቀስቃሾች ያሉበት የደም ፈሳሽ) ነው ያሳደርኳቸው። ለብሎኪንግ (ፀረ እንግዳ አካሉ ያለቦታው እንዳይጣበቅ ለመከላከል) ወተት አልተጠቀምኩም፤ የወተቱ ፕሮቲን ኬዚን ራሱ ፎስፌት ስላለው በቢኤስኤ (ከላም ደም በሚገኝ ፕሮቲን) ነው የሠራሁት። ጠቅላላው ኢአርኬ (የነቃውም ያልነቃውም) በሁሉም እኩል ነው።

አንድ የጠረጠርኩት ነገር አለ። ኢጂኤፉን ከመጨመሬ በፊት ሚዲየሙን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) በአዲስ እቀይራለሁ። ይሄ ብቻውን ሴሎቹን ሊቀሰቅስ ይችላል? ሥራው ለካንሰር መድኃኒት ሙከራ ነው። መነሻው ካልጠራ ውጤቱን እኔም አላምነውም። የሠራችሁት ካላችሁ፣ ኮንትሮላችሁን (ኢጂኤፍ የማይሰጣቸውን ማነፃፀሪያ ሴሎች) እንዴት ነው የምትይዙት?