ከብሎክ 6 ጀርባ ያለችው ቦታ፦ የኳስ መለማመጃ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ (ብሎክ 3)
ጤና ይስጥልን ጎረቤቶች። እሁድ ስብሰባ ላይ እንደተባለው፣ ከብሎክ 6 ጀርባና ከኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ቤቱ) መሃል ያለችውን ቦታ የልጆች ኳስ መለማመጃ ለማድረግ አንድ የጋራ ሐሳብ ጽፈን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። ትናንት በሜትር ለክተናታል፤ 9 በ4 ሜትር ናት። ግጥሚያ አይያዝባትም። አንድ ልጅ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ለብቻው የሚለማመድበት ዕቃ ነው የምናስበው። ምን ይተከል፣ ማን ይሥራው፣ በስንት ሰዓት ይከፈት የሚለውን እዚሁ ጻፉ፤ እኔ እየሰበሰብኩ ረቂቁን አወጣለሁ። አደራ፣ አውራ ጣት ብቻ ልካችሁ እንዳታልፉ። ለውሃ ታንከሩ ጊዜ 40 አውራ ጣት ደርሶኝ መዋጮ ይዞ የመጣው 11 ሰው ነው።

የመንታዎቹ አባት (ብሎክ 6)
እኔ ቀጥታ ልናገር። የቅርጫት ኳስ ቀለበት ከነቦርዱ ገዝተን የብሎካችን ግድግዳ ላይ እንምታውና እንገላገል። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ኢንጂነር (ብሎክ 9)
ወንድሜ፣ በፊት በተከራየሁበት ኮንዶሚኒየም ይህንኑ አድርገን ነበር፤ ያውም እኔው መክሬ። ግድግዳው እንደኛው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ቀለበቱን በፊሸርና በቡሎን አሰርነው። ሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ ጎረምሳ ዘሎ ሲንጠለጠልበት ቦርዱ፣ ቀለበቱና ክንድ የሚያህል ልስን ተያይዘው ወረዱ። ልጁ ተረፈ፤ ከሥር የቆመው የሰው ባጃጅ መስታወቱ ረገፈ፣ ከኪሴ ከፈልኩ። ብሎኬት ወደ ውጭ የሚጎትተውን ቡሎን ይዞ አይቆይም፣ ቀዳዳው ይፈረፈራል። አርማታው ኮለን ላይ ቢታሰር ይችላል፣ ግን የብሎክ 6 ኮለን በዚያ በኩል የፍሳሽ ቱቦው ጋ ነው። ቀለበት ካስፈለገ የራሱ ምሰሶ ይኑረው።

ሲስተር (ብሎክ 6፣ መሬት)
እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። በሳምንት ሦስት ቀን አዳር ነኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ የምተኛው እናንተ "የብሎክ 6 ግድግዳ" የምትሉት ነገር ጀርባ ነው፤ የአልጋዬ ራስጌ ተጠግቶታል። አሁንም ልጆች እየመጡ ይመቱበታል። ውጭ የቆመ ሰው "ጧ" ሲል ይሰማዋል፣ እኔ ግን የምሰማው በትራሴ በኩል ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ሳይቀሩ ይሰማቸዋል። ልጆቹ ይጫወቱ፣ እኔም ወንድሞች አሳድጌአለሁ። የምለምነው ምንም ዓይነት ዕቃ ቢመጣ ሕንጻውን እንዳይነካ ነው።

ቲቸር (ብሎክ 1)
ልጆቼ፣ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ትንሽ ልዘርዝር፣ ትዕግሥት ስጡኝ። ሜዳ ላይ 22 ሰው አንድ ኳስ ሲያሳድድ አንዱ ልጅ ኳስ የሚነካው ስንቴ ነው? ግድግዳ ፊት የቆመ ልጅ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ በቀኝም በግራም መቶ ጊዜ ይነካል። ግድግዳ አይደክመው፣ አያኮርፍ፣ "እኔ በረኛ አልሆንም" አይል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገን ኳስ የሚመልስ ነገር ነው። ቀለበቱ በኋላ ይድረስ።

ክሪኬት፣ ያ ኳስ በእንጨት የሚመታበት ጨዋታ፣ እኛ ዘንድ አልተለመደም፣ ግን ይህችን ስሙኝ። ዶን ብራድማን የሚባል አውስትራሊያዊ ልጅ ሳለ፣ ቦውራል በምትባል ከተማ፣ ጓሯቸው ያለው የውሃ ታንከር የቆመበትን ክብ የጡብ መሠረት በጎልፍ ኳስ እየመታ፣ ተመልሳ ስትመጣ በአንዲት ቀጭን እንጨት ይቀልባት ነበር። ጡቡ ክብ ስለሆነ ኳሷ በየት በኩል እንደምትነጥር አይታወቅም። ያ ልጅ አድጎ ለአገሩ ቡድን ሲጫወት አንዴ ከጨዋታ እስኪወጣ የሚያስቆጥረው በአማካይ 99.94 ነጥብ ሆነ፤ ረጅም ዘመን ከተጫወቱት ውስጥ የቀረበው የለም። እናም "ቦታው ጠባብ ነው፣ ኮብልስቶኑ ኳስ ያጣምማል" ለምትሉ፣ መጣመሙ ራሱ ትምህርት ነው።

ሲስተር ላነሳችው ደግሞ መድኃኒቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የካልሲ ኳስ። ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀን በሲባጎ ቋጥረን ያደግንበት። አይነጥርም፣ ስለዚህ ለማንቀርቀብ ከባድ ነው፤ በእሱ ሃያ ያንቀረቀበ ልጅ በላስቲክ ኳስ አይቸገርም። ድምፁም "ጥፍ" ነው። ጠዋት ጠዋት በካልሲ ኳስ ብቻ ይሁን።

የመንታዎቹ አባት (ብሎክ 6)
ቲቸር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእኔ ልጆች የካልሲ ኳስ ስሰጣቸው "ይሄ የማን ካልሲ ነው?" ነው የሚሉኝ። ግን ገብቶኛል። የሚመልሰው ነገር ምን ይሁን ታዲያ? አዲስ ግድግዳ እንገንባ?

ኢንጂነር (ብሎክ 9)
ግድግዳ መገንባት ከፈቃዱ ጀምሮ ራስ ምታት ነው። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በሞራሌ ፍሬም ላይ ኮምፔንሳቶ መትቶ ጀርባውን ሰጋቱራ በሞላ ማዳበሪያ መደገፍ፤ ሰጋቱራው ድምፁን ይውጠዋል። ክረምት ሲመጣ ግን ኮምፔንሳቶው ያብጣል፣ በሁለተኛው ዓመት እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ሁለተኛው በቱቦላሬ ፍሬም ላይ የተወጠረ መረብ ነው። መረቡ ራሱ መለጠጥ አለበት፣ ካልተለጠጠ ኳሱ እዚያው ሞቶ ይወድቃል። የዓሣ መረብ ለዚህ አይሆንም።

በያጁ (ብሎክ 11)
ኢንጂነር ልክ ብለሃል፣ ግን ፍሬሙም መወጠሪያው ተሠርቶ ተቀምጧል እኮ። የድሮው የሽቦ አልጋ! በጎኑ ሲቆም 1 ሜትር ከ90 ስፋት፣ 90 ሳንቲም ቁመት ነው። የተበጠሰውን ሽቦ አውጥቼ በምትኩ የመኪና ካላማዳሪያ በሁለት ጣት ስፋት እየሸነሸንኩ እንደ ሰሌን ልጎንጉነው ብዬ አሰብኩ። አንድ አልጋ ሱቄ ጀርባ አለኝ። ነገ 11 ሰዓት ላይ ሞክሬ እነግራችኋለሁ።

በያጁ (ብሎክ 11)
ሞከርነው። ካላማዳሪያው ከጎሚስታ በነፃ ነው የመጣው፣ አራት በቃኝ። አልጋውን ቀጥ አድርገን ስናቆመው ኳሱ መሬት ለመሬት ተመልሶ እግር ላይ ይመጣል፣ ለቅብብል ግሩም ነው። ከፊት እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ገፍትሬ ትንሽ ወደ ኋላ ሳጋድለው ደግሞ ኳሱ ተነስቶ ደረት ላይ መጣ፤ የብሎክ 2ቱ በረኛ ልጅ እሱ ላይ ሙጭጭ አለ። ሁለት እንከን አለው። የቀሩት ሽቦዎች ሲጥ ሲጥ ይላሉ፣ እነሱንም በጎማ አስራቸዋለሁ። ሌላው፣ አንዱ ጎረምሳ አክርሮ ሲመታው አልጋው ተነስቶ በጀርባው ተዘረረ። እግሩ መሬት ውስጥ መቀበር አለበት፣ አለበለዚያ ሕፃን ላይ ይወድቃል።

ሲስተር (ብሎክ 6፣ መሬት)
መስኮቴን ዘግቼ ቤት ሆኜ አዳመጥኩ። ኳሱ አልተሰማኝም። የተሰማኝ በያጁ "ጎል!" እያለ የጮኸው ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ (ብሎክ 8)
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የተወራው የወንዶች ኳስ ብቻ ነው። እኔ ትምህርት ቤት መረብ ኳስ እጫወታለሁ፤ ሴቶቹም ብዙ ነን። ለእኛ የሚያስፈልገን የተንጠለጠለ ኳስ ነው፣ ዘለን የምንመታው፣ መትተነውም ሮጠን የማናመጣው። ኳሱን የሽንኩርት መያዣው ቀይ መረብ ውስጥ ከትተን፣ ከላይና ከታች በካላማዳሪያ ቢወጠር ሲመታ ሄዶ ይመለሳል። ከፍታው ሴቶች የሚጫወቱበት መረብ 2 ሜትር ከ24 ስለሆነ ኳሱ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ትንንሾቹ ዝቅ ያደርጉታል። ሌላ ደግሞ፣ ተራው በጽሑፍ ካልተለጠፈ እኛ ስንደርስ ሁሌም "አሁን ገና ጀመርን" ነው የምንባለው።

የብሎክ 7 ተወካይ
እኔ ደግሞ የማንም ጠላት ሳልሆን ልጠይቅ፤ ልብስ የት ይሰጣ? በርበሬስ? ያቺ ቦታ ከቀትር በፊት ፀሐይ የሚያገኛት እሷ ብቻ ናት። በርበሬ ላይ ኳስ ሲወድቅ የሚሆነውን ያየ ሰው ያውቃል፤ አምና የእኔ ላይ ወድቆ ልጁም እኔም ስናስነጥስ ዋልን።

ሰብሳቢ (ብሎክ 3)
እትዬ፣ ትክክል ነዎት። እንግዲህ እስከ 9 ሰዓት ቦታው የማስጫ ይሁን፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የልጆች። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለልጆች ብንለቅስ? ቲቸር ያሉት የጠዋት የካልሲ ኳስ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይሁን፣ እሱም ከኮሚናሉ በኩል።

የመንታዎቹ አባት (ብሎክ 6)
ቀለበቱ ቀረ ማለት ነው? መንታዎቹ ምን ልበላቸው?

ኢንጂነር (ብሎክ 9)
አልቀረም፣ ወደ ኮሚናሉ ጫፍ ሄደ እንጂ። እዚያ ሲነጠር ከሲስተር ግድግዳ በ9 ሜትር ይርቃል። ቦታው ለአንድ ልጅ ይበቃል፤ የቅጣት መወርወሪያው መስመር ከቦርዱ 4 ሜትር ከ60 ነውና ከኋላው ገና ይተርፋል። ምሰሶው 80 ሳንቲም ተቆፍሮ በአርማታ ይቀበር። ጎማ ውስጥ ኮንክሪት ሞልተን "ተንቀሳቃሽ" እናድርገው የምትሉኝ ካላችሁ አትበሉኝ፤ የተንጠለጠለ ልጅ ይገለብጠዋል። ምሰሶው ላይ ሁለት ቦታ ይበሳ፦ አንዱ ለትንንሾቹ 2 ሜትር ከ60፣ አንዱ መደበኛው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም። ቀለበቱን አንገዛም። በያጁ፣ 16 ፌሮ ቆርጠህ ጠቅልለው፤ ዓለም አቀፉ ሕግም ከ16 እስከ 20 ሚሊ ውፍረት ነው የሚፈቅደው። የውስጡ ስፋት 45 ሳንቲም እንዲወጣ ርዝመቱን 1 ሜትር ከ46 አድርገህ ቁረጥ።

በያጁ (ብሎክ 11)
1 ሜትር ከ50 እቆርጥና ትርፉን በግራይንደር አነሳለሁ፤ ፌሮ ሲጠቀለል ጫፉ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀረው። ቱቦላሬውን ምናለሽ ተራ አፈላልጋለሁ። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም፣ ኤሌክትሮድ ግን ግዙልኝ።

ሲስተር (ብሎክ 6፣ መሬት)
ስለ ተንጠለጠለው ኳስ አንድ ነገር። ትንንሾቹ በጭንቅላት እየገጩ እንዳይለማመዱበት ይጻፍልኝ። ሲመላለስ አንድ ልጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ይገጫል። የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትን ጨርሶ እንዳይገጩ አድርጓል። በእጅ ይምቱት።

ቲቸር (ብሎክ 1)
እስማማለሁ። የኳስ ቁጥርም ይጻፍ። 5 ቁጥር እስከ 450 ግራም ይመዝናል፣ የ8 ዓመት ልጅ እግር አይችለውም፤ ለእነሱ 4 ቁጥር ይገዛ። የፉትሳል ኳስ ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ይሆናል፣ አነጣጠሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለጠባብ ቦታ የተሠራ ነው።

ሰብሳቢ (ብሎክ 3)
እስከዚህ የደረስንበት ረቂቅ፣ ለጉባኤው የሚነበበው ይህ ነው፦

"ከብሎክ 6 ጀርባ ያለው 9 በ4 ሜትር የጋራ ቦታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ የልጆች የኳስ መለማመጃ ይሆናል። በቀረው ጊዜ የማስጫ ቦታነቱ ይቀጥላል። ጠዋት የካልሲ ኳስ ብቻ፣ ቅዳሜና እሁድ በኮሚናሉ በኩል ይፈቀዳል። በሕንጻው ግድግዳ ላይ ምንም ነገር አይታሰርም፣ ኳስም አይመታበትም። በጎማ የተጎነጎኑ ሁለት የአልጋ ፍሬሞች፣ አንዱ ቀጥ ብሎ አንዱ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ፣ ይቀበራሉ። በኮሚናሉ ጫፍ ሁለት ከፍታ ያለው የቅርጫት ኳስ ምሰሶ ይተከላል፤ የተንጠለጠለው ኳስ ከዚያው ምሰሶ በሚወጣ ክንድ ላይ ይታሰራል። የተንጠለጠለውን ኳስ መግጨት ክልክል ነው። ተራው በ20 ደቂቃ ተከፍሎ ይለጠፋል፣ ግማሹ የሴቶች ነው። ሲሚንቶ፣ ቱቦላሬ፣ ኤሌክትሮድና ኳስ በመዋጮ ይሸፈናሉ።"

የጎደለ ካለ እስከ ሐሙስ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ (ብሎክ 8)
"ግማሹ የሴቶች" የሚለው ከ11 እስከ 12 ብቻ እንዳይሆን። ያኔ ቤት ውስጥ ሥራ ነው የምንባለው። ቀን በቀን ይፈራረቅ።

ሰብሳቢ (ብሎክ 3)
ተስተካክሏል። ሁለተኛው አልጋ ግን ከየት ይመጣል? በያጁ ያለው አንድ ነው።

የመንታዎቹ አባት (ብሎክ 6)
አራተኛ ፎቅ ያሉትን እማማን አሁን ጠየቅኳቸው። በረንዳቸው ላይ ሁለት የሽቦ አልጋ አላቸው፣ የባለቤታቸው ነው፣ ከወታደር ቤት ጀምሮ። "ውሰዱት፣ ግን አንዱን ብቻ፤ ሁለተኛው ላይ ቆጮዬን አስጣለሁ" ብለዋል። ደረጃው ጠባብ ነው፣ በበረንዳ በገመድ ነው የሚወርደው። ቅዳሜ 3 ሰዓት አራት ሰው እፈልጋለሁ። ሲስተር፣ ቅዳሜ አዳር ነሽ እንዴ?

ሲስተር (ብሎክ 6፣ መሬት)
ዓርብ ማታ ነኝ። 8 ሰዓት አድርጉት፣ ቡና አፈላለሁ።