«ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ማለት ሕግ ሆነ ማለት ነው?

ባለ ሱቋ ከሐዋሳ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በኪራይ ቤት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ በዜና ስለ አንድ የታክስ ረቂቅ አዋጅ ተነገረ። አንባቢው «ምክር ቤቱ ረቂቁን ለዝርዝር ዕይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መርቷል» ብሎ ወደ ስፖርት አለፈ። በማግስቱ የሱቄን በር ሳልከፍት አከራዬ መጥተው «አዋጁ ወጥቷል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ ይጨምራል» አሉኝ። ዕድሜያቸውን አክብሬ ዝም አልኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የሁለት ልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የምከፍለው ከዚህችው ሱቅ ነው።

ሕጉ በእርግጥ ወጥቷል? ካልወጣስ ምን ይቀረዋል? እኔን የመሰለ ሰው ቃሉን የሚያሰማበት ቦታ ይኖር ይሆን?

ጡረተኛው ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

እህቴ፣ ሕጉ አልወጣም። በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ለ22 ዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ሰው «ተመራ» እና «ጸደቀ» የሚሉትን ቃላት ሲያምታታ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል፤ ምክንያቱም በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የእርስዎ ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲደርስ አጀንዳ ይያዝለትና የመንግሥት ተጠሪ ወይም ረዳታቸው ስለ ይዘቱ ማብራሪያ ያቀርባሉ። አባላት ጥቂት ጥያቄ ያነሳሉ፤ ከዚያ ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ዜናው የነገረዎት ይህንን የመጀመሪያ ንባብ ነው። በዚያ ቀን ስለ ረቂቁ መልካምነት ወይም ክፋት የመጨረሻ ድምፅ አልተሰጠም።

ሥራው ያለው ከዚህ በኋላ፣ ካሜራ በማይበዛበት የኮሚቴ ክፍል ነው። አባላቱ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ይገልጡታል፤ ሕጉን ያረቀቀው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች አስረጂ ሆነው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በአንዲት ቃል ሲከራከሩ መዝግቤያለሁ። ረቂቁ «ባለሥልጣኑ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል» ይል ነበር። አንዲት የኮሚቴ አባል «ይችላል ካልን አይችልምም ማለታችን ነው፤ በቂ ምክንያት ላቀረበ ሰው ያራዝማል እንበል» አሉ። አስረጂዎቹ አልተዋጠላቸውም። በመጨረሻ «ያራዝማል» ተብሎ ወጣ። በቴሌቪዥን የታየው እጅ ማውጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ የሰውን ኑሮ የሚነካው ግን ያቺ ቃል ናት።

ጉዳዩ ሰፊ ሕዝብ የሚነካ ሲሆን ኮሚቴው ይፋዊ የውይይት መድረክ ይጠራል፤ በጽሑፍ የሚመጣ አስተያየትም ይቀበላል። ጥሪውን በዜና ማሰራጫዎች ይከታተሉ። እዚያ መድረክ ላይ ወንበሮች ባዶ ሆነው ሲታዩኝ አዝን ነበር፤ ባለጉዳዮቹ ወሬውን የሚሰሙት ካለፈ በኋላ ነበርና።

ኮሚቴው ሲጨርስ ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ወደ ምልዓተ ጉባኤው ይመለሳል፤ ድምፅ የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው። የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙበት እንኳ በሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ፊርማው ያስቀርልኛል ብለው አይጠብቁ።

መምህር ከደሴ፦

ጋሼ፣ ማብራሪያዎ እጅግ ጠቅሞኛል፤ ግን የሚከነክነኝን ልናገር። ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። በ2007ቱ ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ይዘው ነበር። በ2013 ምርጫም ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫ አግኝቷል። ተማሪዎቼ «ረቂቁ የመንግሥት፣ ወንበሩም የመንግሥት ከሆነ ክርክሩ ለምን አስፈለገ?» ይሉኛል። ሕገ መንግሥቱን ገልጬ ባነብላቸውም አይረኩም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏቸው ነበር?

ጡረተኛው ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

መምህር፣ ልጆቹ እውነታቸውን ነው፤ አይቆጧቸው። አንድም ተቃውሞ ሳይሰማ ያለፈ ረቂቅ በእጄ ጽፌያለሁ፤ አንድ ብቻ አይደለም። ቁጥሩንም ያስሉላቸው። ለስብሰባ የሚያስፈልገው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ነው፤ 547 ወንበር ቢሞላ 274 ሰው ማለት ነው። ውሳኔው ደግሞ በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው። ስለዚህ 138 እጅ ለመላው አገር ሕግ ያወጣል። ይህን ሲያሰሉ የአንድ ተወካይ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል።

አብላጫ ድምፅ ያለው ወገን በአዳራሹ አይሸነፍም፤ ይህን አልክድም። በኮሚቴ ግን ሲሻሻል አይቻለሁ፤ የተሻሻለውም ብዙ ጊዜ ኑሮውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ስለተናገረ ነው። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ረቂቁን አራት ቦታ አጥፈው በኪሳቸው ይዘው መጡ። «ይህ አንቀጽ በ30 ቀን ውስጥ ሰነድ አቅርብ ይላል፤ እኔ ጅቡቲ ደርሼ ስመለስ፣ መኪናዬም ሲበላሽ ስንት ቀን እንደሚሆን ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጊዜው ተራዘመላቸው። ፓርቲያቸውን ማንም አልጠየቃቸውም።

ጠበቃው፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ለእህታችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ልጨምር።

«ጸደቀ» ከተባለም በኋላ የአዋጁን የመጨረሻ አንቀጽ ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ «በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» ይላል፤ አንዳንዱ ግን የራሱን ቀን ይቆርጣል። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው የሚታተመው፤ ሁለቱ ቢጋጩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። ይህ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተደነገገ ነው። ስለዚህ ማንም «እንግሊዝኛው እንዲህ ይላል» ብሎ አያስፈራራዎት።

ከአዋጁ በታች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ከደንቡ በታች የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አለ። ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በመመሪያ ነው፤ አዋጁን ሲከታተል ቆይቶ መመሪያው ሲወጣ አያይም። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ የሚያወጣ የፌዴራል ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህን መብት ያዙት።

አከራይዎን በተመለከተ፣ ረቂቅ ሕግ የተፈረመ ውል አይለውጥም። የኪራይ ውልዎን አውጥተው ዘመኑ መቼ እንደሚያበቃና ስለ ጭማሪ ምን እንደሚል ይመልከቱ።

ባለ ሱቋ ከሐዋሳ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሌን አውጥቼ አየሁት፤ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። አከራዬን ቡና ጠርቼ ረጋ ብዬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ «እኔም የሰማሁትን ነው ያልኩሽ» አሉ። ለጊዜው ተስማምተናል።

በመንገዳችን ያሉ 11 ባለ ሱቆች አስተያየት በጋራ እንጻፍ ብለናል። ጋሼ፣ ኮሚቴው የሚያነበው ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው? ደግሞስ ጊዜ አለን?

ጡረተኛው ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ሰኔ ሲደርስ በጀቱ ስለሚገባ ሁሉም ይጣደፋል፤ እስከዚያ አይቆዩ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የአንቀጹን ቁጥር ከላይ ይጻፉ። ከዚያ «አሁን እንዲህ ይላል፤ በእኛ ሱቅ ላይ ይህን ያደርሳል፤ በዚህ ቃል ይተካልን» ይበሉ። የሚተካውን ቃል ራሳችሁ ጻፉት፤ የኮሚቴ አባል እጁ ላይ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ያነሳዋል። አንዱን ግልባጭ ለምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ስጡ። ረቂቁን እዚህ ከለጠፉልኝ ዛሬ ማታ አንቀጾቹን አብሬዎት አያለሁ።