ሥዕል ተምሬ ድሬ ተመለስኩ፤ ልቆይ ወይስ ሸገር ልውጣ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ቤቶች። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ ዘንድሮ ድሬ ተመለስኩ። እናቴ አሟት ስለነበር ነው እንጂ እቅዴ አልነበረም። አሁን ተሽሏታል፣ ጥያቄውም አብሮ መጣ። እዚህ የማገኘው ሥራ የካፌ ግድግዳ ነው። ባለፈው አንዱ ባለ ካፌ የሐረርን ጅብ ሳልልኝ አለኝ። ሳልኩለት። ጥርሱ ሰው ያስፈራል፣ አፉን ዝጋው አለ። ዘጋሁት። አፉን የዘጋ ጅብ ደግሞ ውሻ መሰለ፣ እሱም አልጣመውም፣ ግማሹን ከፍሎኝ ቀሪውን እስከ ዛሬ "ነገ ና" ይለኛል። የክፍል ጓደኞቼ ግን ሸገር ሆነው በየጊዜው የኤግዚቢሽን መክፈቻ ፎቶ ይለጥፋሉ። የአገሪቱ ጥበብ በሙሉ እዚያ ነው እንዴ የተከማቸው? ምሥራቅ ሆኖ ሰዓሊ መሆን ይቻላል? ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ አቦ።

ሸገር የገባ ድሬ፦
በፎቶው አትሸወድ። መክፈቻ ላይ ሰው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከሥዕሉ ጎን ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። የሚገዛው ጥቂት ነው፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው የውጭ አገር ሰውና ዲያስፖራ ነው። እኔ ሸራ መግዛት ሲያቅተኝ አቡጀዲ ወጥሬ ነጭ ቀለም ቀብቼበት ነው የምሠራው፣ የማገኘውም የቤት ኪራይ ይበላዋል። ግን አልዋሽህም፣ እዚህ የምታየው ነገር አለ። ዞማ ሙዚየም ሄደህ ኤልያስ ስሜ ከተጣለ የኮምፒውተር ዕቃና ሽቦ የሚሠራውን በአካል ካላየህ በስልክ አይገባህም። ስድስት ኪሎ አካባቢ ደግሞ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም አለ። ሰውዬው የሐረር ልጅ ነው እኮ! ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ አሜሪካ በስደት ሞተ። ሥዕሎቹ ከጀርመን ሲመለሱ ያረፉት አዲስ አበባ ነው። መልስህን ከዚህ ውሰድ።

የጁገል ልጅ (ሴት ነኝ)፦
እኔ እንኳ መልሱን ከዚያ አልወስድም። ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ ሐረር ወጥተህ ከጅቡ ሌላ ነገር አይተሃል? የሐረሪዎችን በዓል ሹዋሊድን በኅዳር 2016 ዩኔስኮ ሲመዘግበው ሁላችንም ፖስት አደረግን፣ አለቀ። ከረመዳን በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ በዓሉ የሚከበርባቸው አው ሹሉም አህመድና አው አክበራ ሄዶ ከበሮውንና ዚክሩን ሌሊቱን ሙሉ የሰማ ሰው ግን "እዚህ ጥበብ የለም" አይልም። ለበዓል ሲባል ቤቱም አጥሩም ቀለም ይቀባል። አያቴ ግድግዳውን ሐምራዊ አስቀብታ፣ ጎረቤታችን አረንጓዴ ቀባች፣ መሐላቸው ያለው ጠባብ መንገድ ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት የሚወጣውን ቀለም ቱቦ ውስጥ አታገኘውም። ቤት ውስጥ ደግሞ ስፌቶቹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ዝም ብሎ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቦታ አለው። አንዴ ልጅ ሆኜ አንዱን አውርጄ ሌላ ቦታ ሰቀልኩና አያቴ ከደጅ ገብታ ሳትቀመጥ አወቀችብኝ። ይሄ ኤግዚቢሽን ካልሆነ ምንድን ነው? መክፈቻና ብስኩት ነው የጎደለው።

ባቡር ሰፈር፦
እህቴ ጥሩ ብለሻል ግን ልጁ የጠየቀው ስለ እንጀራ ነው። በሐምራዊ ግድግዳ ኪራይ አይከፈልም። እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። የአፍረን ቀሎ ባንድ ልጆች በኦሮምኛ ዘፈን የተነሱት እዚህ ድሬ ነው፣ መድረካቸውም ሠርግ ነበር። ዘፋኙ አሊ ቢራ ከእነሱ ወጥቶ አዲስ አበባ ሄዶ ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋር ሠራ። በጥቅምት 2015 ሲያርፍ ደግሞ የተቀበረው ድሬ ነው። እየሄዱ መምጣት ማለት ይሄ ነው። ዛሬም የእኔ ደመወዝ ሠርግ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ በአንድ ሌሊት ካልተጫወትኩ ባለሠርጉ አይከፍለኝም። አዲስ አበባ እንዲህ የሚያሠራ ትምህርት ቤት አላየሁም። የሚጎድለን ሰው አይደለም፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማበት አዳራሽ ነው። ስለዚህ ሥራህን እዚህ ሥራ፣ መሸጫህን እዚያ አድርግ። ለጅቡ ቀሪ ደግሞ ከአሁን በኋላ ቀብድ ሳትቀበል ብሩሽ አታንሳ ልጄ።

የከዚራ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የገብረ ክርስቶስን ሐረሬነት ትምህርት ቤት ነግረውኝ ይሆናል፣ ግን እንዲህ አልገባኝም ነበር። ለመወሰን ጊዜ ልስጠው። የጁገል ልጅ፣ ቅዳሜ ንድፍ ልሠራ ልምጣ? መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን እጅ መሳል ፈልጌያለሁ።

የጁገል ልጅ (ሴት ነኝ)፦
ና፣ ግን በጠዋት። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ስለሚሆኑ እጃቸው ስፌት መኪናው ላይ አይደለም። ደግሞ ሳታስፈቅድ አትሳል፣ መጀመሪያ ሱሪህን አሳጥርልኝ በላቸው፣ ያኔ የፈለግከውን ያህል ያስቀምጡሃል።