ካልሲየም የሌለው ሶሉሽን ላይ ሴሎቼ ለኤቲፒ ዝም አሉ

ሰላም ነው፣ ካልሲየም ኢሜጂንግ (ሴል ውስጥ ያለውን ካልሲየም በሚያበራ ቀለም ማየት) የምትሠሩ ካላችሁ እስኪ እርዱኝ። ኤአርፒኢ-19 ላይ ነው የምሠራው፣ ከሬቲና ጀርባ ያለው የፒግመንት ኤፒቴልየም ሴል ማለት ነው፣ ፍሉኦ-4 (ካልሲየም ሲይዝ የሚያበራ ቀለም) ጭኜበት ኖርማል ሶሉሽን ላይ 100 ማይክሮሞላር ኤቲፒ ስጨምር ቦግ ይላል፣ መጀመሪያ ሹል ብሎ ይወጣል ከዛ ይወርዳል ግን ቤዝላይን ሳይደርስ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ እስከዚህ ሰላም ነው። ካልሲየም የሌለውና 1 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ (ካልሲየምን አንቆ የሚይዝ ኬሚካል) ያለበት ላይ ግን ሹሉም ጭምር የለም! የኋላው ቢጠፋ ይገባኛል፣ ከውጪ የሚገባ ነው፣ የመጀመሪያው ግን በፒ2ዋይ ሪሴፕተር (የኤቲፒ ተቀባይ) እና በአይፒ3 (ሴል ውስጥ መልእክት አድራሽ ሞለኪውል) በኩል ከውስጥ ከኢአር (ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ የሴሉ የካልሲየም ስቶር) የሚለቀቅ ስለሆነ መቅረት አልነበረበትም። ኤቲፒውን አዲስ በጥብጬ ሞከርኩ፣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ካልሲየም መልሼ አይኖማይሲን (ካልሲየምን በሜምብሬን የሚያሳልፍ ኬሚካል) ስሰጣቸው ደህና አድርገው ያበራሉ፣ ስለዚህ ቀለሙ አለ። ፐርፊውዥን (ሶሉሽኑን ያለማቋረጥ እያፈሰሰ የሚቀይር መሣሪያ) ስለሌለን በፒፔት ነው የምቀይረው፣ ፎከስ ማስተካከሉ ራሱ ጊዜ ይበላል፣ እና ኤቲፒው እስኪደርሳቸው ኢጂቲኤው ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይቆያሉ፣ ስቶሩ በዛ መሀል ተንጠፍጥፎ ያልቅ ይሆን ብዬ ጠርጥሬያለሁ። እናንተ ኢአሩ ሳይራቆት ፒኩን ለማየት ከኤቲፒው ስንት ደቂቃ በፊት ነው ሶሉሽኑን የምትቀይሩት?